ስለ ጠፋችው ኳስና ስለ ሞተችው አግዳሚ ወንበር

መተማ ዮሐንስ፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.
ቁጥር ጓ/አ/፩/፸፫

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለውባንተ፣ ገዳሪፍ።

ከሰላምታ ሐዘን ይቀድማልና ራስህን አጽንተህ አንብብ። የመጂዳ ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ባደረባት የምስጥ ሕመም ስትሠቃይ ቆይታ፣ ሰኔ ፪ ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በተወለደች በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። ያረፈችው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስለ ምርት ዕድገት ሲናገሩ፣ እሳቸውን ጨምሮ አምስት ሰው እንደተሸከመች ነው። ሁለት እግሯ ባንድ ጊዜ ከዳት። ሊቀመንበሩ ከወደቁበት ሆነው ንግግራቸውን ጨርሰዋል፤ እኛም ከወደቅንበት አጨብጭበናል።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ባለቤቴ ፈንቴ ከሙቀቱና ከስብሰባው በቀር የሚያመን ነገር የለም፤ ለዚህም አምላካችን ይመስገን። ገንዘብ ላክ አልልህም። ደብዳቤውን ስትከፍት እጅህ ወደ ኪስህ ሄዶ ከሆነ መልሰው።

ሊቀመንበር ስልህ ማን መሰለህ? በረኛችን ገብረማርያም ነው። ያኔ ለጓንግ አዞ ቡድን ሲቆም በፊቱ የሚያልፍ ነገር አስቁሞ አያውቅም፤ ዛሬ ያለ እሱ ወረቀት ዶሮ አታልፍም። ሰው እንዲህ ይሻሻላል።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መጂዳ ቤቱን ዘግታ ወደ ሱዳን ከተሻገረች እነሆ ስድስት ዓመት ሆነ። ቀበሌው አንዴ መሰብሰቢያ፣ አንዴ የማረሻ ዕቃ ማስቀመጫ እያደረገ አቆይቶታል። ከወንበሯ ሞት በኋላ ግን ቤቱ የሰሊጥ መጋዘን ይሁን ተብሎ ተወሰነ። ገብረማርያም ጣራ ጣራውን እያየ አንድ መስመር ጨምሮበታል፦ ወጥተው የነበሩ ይመለሱ ስለተባለ፣ መጂዳ እስከ ኅዳር ፴ ቀን ራሷ ቀርባ «ሻይ ቤቴን እከፍታለሁ» ካለች ቤቱ ይመለስላታል። ካልመጣች ግን ያ ቤት በጆንያ ይሞላል።

አንተ ልጅ፣ የዚያን ቤት ነገር ታስታውሳለህ? ከጨዋታ በኋላ ሻይ፣ ከሽንፈት በኋላ ከርከዴ። ፉሉ በአንድ ሳሕን ለሦስት ሰው ሲቀርብ ማን ቀድሞ መሐሉን እንደሚያጠቅስ ዓይን ለዓይን እየተያየን። በ፷፭ የገላባትን ቡድን ሁለት ለአንድ ያሸነፍን ዕለት መጂዳ ለተሸናፊዎቹ በነጻ አጠጥታ፣ ለእኛ «እናንተማ ደስ ብሏችኋል፣ ክፈሉ» ያለችን? ዛሬ በመተማ ሰው ከሰው የሚገናኘው ወረፋ ላይ ብቻ ነው። ወረፋ ላይ ደግሞ የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ነው።

እርግጥ ኳሳችን በእሷ ቤት መጥፋቷ በቃለ ጉባኤ ተመዝግቧል። ኳስ ሲጠፋ ቡድን ፈረሰ፤ ቡድን ሲፈርስ ሻይ ጠጪ አለቀ፤ እሷም ተቀይማ ሄደች። ያለፈ አልፏል፤ እኔ እንደ ጸሐፊነቴ ብዙም አላነሣውም።

በል ፈልግና አግኛት። ደብዳቤውን ሾፌሩ ሙሐመድጣሂር በሎሪው ያደርስልሃል።

አጎትህ ጀምበሩ
የቀድሞው የጓንግ አዞ እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ
(ማኅተሟ አለች፤ ከጎማ ጫማ ተረከዝ እንደተቀረጸች ነች። ቡድን ይፈርሳል፣ ማኅተም አይፈርስም።)


ገዳሪፍ፣ ሐምሌ ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ጀምበሩ።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደ ባሕር የሰፋ፣ እንደ ሰሊጥ የበዛ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እትዬ ፈንቴ እንደምን አሉ? የወንበሯን መርዶ ሰምቼ ክፉኛ አዝኛለሁ። ግራ ጫፏ ላይ ምስማር ነበራት፤ አንድ ሱሪዬን የቀደደችው እሷ ነች። ነፍሷን ይማር።

መልሴ የዘገየው ሙሐመድጣሂር ዶካ ላይ ጭቃ ይዞት ሃያ ቀን ስለተቀመጠ ነው። «ሎሪዬ ሥር ሰዳ ነበር» ይላል።

እኔ አሁንም እዚያው የዘይት መጭመቂያ ቤት ነው የምሠራው። በ፷፱ ግርግር ስሻገር «ለአንድ ክረምት ነው» ብዬ ነበር። ክረምቱ ረዘመ። እዚህ ሻይ ቤት ሞልቷል፤ ነገር ግን ገብቼ ስቀመጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚጠይቀኝ የለም።

እትዬ መጂዳን አገኘኋቸው። ሎሪዎቹ ከሚቆሙበት አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ሻይ ያፈላሉ፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ምላሳቸው አልሸበተም። ተቀምጬ ሻይ አዘዝኩ። ቀድተው ሰጡኝና፣

«የጸሐፊው የእህት ልጅ ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውዎታል።»

«በአፍ ነው በጽሑፍ?»

«በጽሑፍ።»

«እሱማ ሲጽፍ ነው የምፈራው።»

የቤቱን ነገር፣ የኅዳር ፴ን ቀነ ገደብ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ብርጭቆ እያጠቡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ኳስ የበላሁ ሴት ነኝ» አሉ። «በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ተቀምጠው፣ የገዛ ሻዬን እየጠጡ ሌባ ብለው ጻፉኝ። ጽፈውም አነበቡልኝ። ሰሊጡን ያግቡበት፤ ሰሊጥ ሲሰደብ አይሰማም።»

«ያለፈ ነገር ነው፣ እትዬ» ብላቸው፣ «የተጻፈ ነገር አያልፍም፤ ይቀመጣል» አሉኝ። ሻዩን ግን አላስከፈሉኝም። ይህ በጎ ምልክት ይሁን መጥፎ እርስዎ ይፍረዱት።

የእህትዎ ልጅ ውባንተ


መተማ ዮሐንስ፣ ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም.
ቁጥር ጓ/አ/፪/፸፫

ይድረስ ለውባንተ።

ዝናቡ እንደ ወደደው እየዘነበ፣ እኛም እንደ ወደድነው ሳይሆን እንደተፈቀደልን እየኖርን፣ በጤና አለን። አንተን ደግሞ ከንዳድና ከሙግት ይሰውርህ።

ደስ የሚል ዜና ላብሥርህ። የቀድሞው ቡድን ቀሪ አባላት ባደረግነው አስቸኳይ ስብሰባ፣ መጂዳን በታላቅ ልበ ሰፊነት ይቅር እንድንላት በሙሉ ድምፅ ወስነናል። በስብሰባው የተገኘሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የተቃወመ የለም። ስለዚህ ሄደህ «ይቅር ብለውሻል» በላት። ሴት ልጅ ይቅርታ ስትሰማ ልቧ ይራራል።

ፈንቴ «ይቅር የምትላት ምን አድርጋህ ነው?» ትለኛለች። የቃለ ጉባኤ ነገር አይገባትም። መሠረተ ትምህርት ገብታ ማታ ማታ ሀሁ ትላለች፤ እስካሁን «ለ» ላይ ሳትደርስ አትቀርም።

ቤቱን ጀምረነዋል። ቀዳዳውን ደፍነን ግድግዳውን ኖራ ቀብተናል። የግራ ክንፋችን ጀይሉ እግሩ በሪህ ቢያዝም መሰላል ወጥቶ የቀባው እሱ ነው፤ «ከኳስ ይልቅ በዚህ እሻላለሁ» ብሏል፤ ያልተስማማ አልነበረም። ባለፈው እሷን ብቻ ነበር የጠየቅሁህ፤ አሁን ግን ስድስት የሻይ ብርጭቆም ጨምር፤ እዚህ ከጣሳ በቀር የለም።

አንድ ነገር አደራ። የኳሷን ነገር አታንሣባት። ማንም ላይ አታንሣ። ስድስት ዓመት የተኛን ነገር መቀስቀስ ምን ያደርጋል?

አጎትህ ጀምበሩ


ገዳሪፍ፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። ዓመቱን የጥጋብና የቅን ልብ ያድርግልን።

እንዳዘዙኝ ሄጄ «ይቅር ብለውዎታል» አልኳቸው። እትዬ መጂዳ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱ፤ ሻዩን መሬት ላይ ደፉ፤ ብርጭቆውን አጥበው ሰቀሉ። «ሂድ» አሉኝ። ያዘዙኝ ስድስት ብርጭቆ ነበር፤ እኔ የነበረኝንም አንዱን ተነጠቅሁ።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። የዘንድሮ ሰሊጥ ሳይገባ ዕቃ ቤቱን እንድናጸዳ ታዘን ሳለ፣ ከበሩ ጀርባ በጆንያ ቁራጭ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ነገር አየሁ። ምንድን ነው ብዬ የመጭመቂያ ቤቱን ኃላፊ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ካገራችሁ ነው የመጣው» አሉኝ። «የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ከመተማ በመጣ የመጨረሻ ሎሪ ሰሊጥ ውስጥ ወጣችና መጭመቂያዬን ግማሽ ቀን አቆመችው። ሰሊጥ እንዲህ ያለ ፍሬ ሲያፈራ አይቼ ስለማላውቅ ሰቀልኳት።»

ፈታሁት። ኳሳችን ነች። በሎሪ ጎማ ቁራጭ የተለጠፈችበት ቦታ እንዳለ ነው። በጎኗ የጓንግ አዞ ማኅተም አለ።

አጎቴ፣ የጆንያው አፍ የተሰፋው በቀይ ክር፣ በመስቀለኛ ነው። ከኮኪት እስከ ሽንፋ ጆንያ እንደዚያ የሚሰፋ አንድ ሰው አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ መርፌውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። አልከስዎትም። ያን ቃለ ጉባኤ እርስዎ ሲያነቡ «የሚስማማ» ሲሉ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። አይቼ ሳይሆን ሌላው ስላወጣ አወጣሁ። ነገር ግን ስለ ቀይ ክሩ የሚያውቁት ነገር ካለ፣ ኅዳር ሳይገባ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

የእህትዎ ልጅ ውባንተ


ገዳሪፍ፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

በአጭሩ እንደምን አሉ። አንድ ወር ከሦስት ቀን ጠበቅሁ። ሙሐመድጣሂር ሁለት ጊዜ ቤትዎ መጥቶ «የለም» ተባለ። «እሜቴ ፈንቴ የለም አሉኝ፤ እግሩ ግን ካንገረቡ ሥር ይታያል» ብሎኛል። አልጋ ሥር መግባት ቢያምርዎ እግርዎን ይሰብስቡ።

እትዬ መጂዳ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ የራሴን ጥፋት ተናዘዝኩ። እጄን እንዳወጣሁ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ያወጣኸው ግራህን ነው። በቀኝህ ፉሌን ትበላ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ብርጭቆዬን መለሱልኝ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ነች የተቀየመችው።

የእርስዎን ነገር አልነገርኳቸውም፤ የእርስዎ ነውና። ግን ልለምንዎ። እኔም መመለስ እፈልጋለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ መተማ ገብቼ የምቀመጥበት ቦታ ባስብ ባስብ፣ የሚመጣልኝ ያ ቤት ብቻ ነው። በጆንያ ከተሞላ የምመለሰው ወደ የት ነው? ሠላሳ አምስት ቀን ቀርቶናል።

ውባንተ


መተማ ዮሐንስ ኅዳር ፭ ቀን

ለልጄ ለውባንተ

ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ፊደል ከቆጠርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሌ «ለ» ላይ ነች ይላል። እኔ ጋዜጣ አነባለሁ። የማላነብ መስሎት ደብዳቤዎችህን ሁሉ ትራስ ሥር ያስቀምጣል። ሁሉንም አንብቤያለሁ።

ጆንያውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ጎንደር ለቅሶ ሄዶ ነበር። መንገድ ሊዘጋ ነው፣ የመጨረሻው ሎሪ ነው ሲሉኝ ሸጥኩት። ውስጡ ኳስ እንዳለ ማን ነገረኝ? ኳስ በሰሊጥ ውስጥ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ከጎንደር ሲመለስ ጆንያው የት አለ አለኝ። ሸጥኩት አልኩት። በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ሎሪው በሄደበት ገላባት ድረስ ሮጠ። ሲመለስ ምን ሆነህ ነው ብለው «ስፖርት ነው» አለኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌ ስፖርት ይወዳል እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ።

ትናንት ማታ እራት አቅርቤ «ቀይ ክር» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጉርሻው በእጁ ቀረ። «መቼ ማንበብ ቻልሽ?» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ቡድኑ እንዳያባርረው ፈርቶ ነው። ጸሐፊነቱ ይወሰድብኛል ብሎ ነው። ማን ይወስደዋል? ማንም አይፈልገውም።

ለመጂዳ አንብብላት። ኅዳር ፳፮ ቀን ቅዳሜ፣ ያኔ በነበሩት ሰዎች ፊት፣ በዚያው ቤት ያነበዋል በላት። እኔ አለሁ። ካላነበበ እኔ አነበዋለሁ። አሁን እችላለሁ።

ፈንቴ


መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር ፳፱ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.
ቁጥር ጓ/አ/፩/፸፬

ይድረስ ለምወድህ ለእህቴ ልጅ ለውባንተ።

ሰላምታ የማቅረብ መብቴ በባለቤቴ ስለታገደ፣ መጀመሪያ የሆነውን እንድጽፍ ታዝዣለሁ። እሷም በትከሻዬ በኩል እያነበበች ነው። ሰው ሚስቱን ማስተማር ያለበት አስቦበት ነው።

ቅዳሜ በስምንት ሰዓት የሙሐመድጣሂር ሎሪ ቆመች። መጂዳ ወረደች። ባንድ እጇ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው አንተ ያስያዝሃት፣ በጆንያ የተጠቀለለች ኳስ። ሰላም አላለችንም። ቤቱ ገብታ ግድግዳውን አየችና፣ «ማነው የቀባው?» አለች። ጀይሉ «እኔ ነኝ» ሲል፣ «ያስታውቃል፤ ግራው ብቻ ነጥቷል» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እህሳ፣ ጸሐፊው።»

ወረቀቴን አወጣሁ። ያኔ ከነበርነው አሥራ አንድ ሰዎች ሰባቱ ተገኝተናል፤ ሦስቱ የሉም፣ አሥራ አንደኛው አንተ ነህ። ያነበብኩት ከነቁጥሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. በተያዘው ቃለ ጉባኤ ‹ኳሷ የጠፋችው በወይዘሮ መጂዳ ቤት ነው› የተባለው ሐሰት ነው። ኳሷን ቆዳዋ በክረምት እንዳይሻግት፣ አባቴ የበቅሎውን ኮርቻ እንደሚያከርመው፣ ሰሊጥ ጆንያ ውስጥ ከትቼ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ጆንያው መሸጡን ቃለ ጉባኤውን ከመጻፌ አራት ቀን በፊት አውቅ ነበር። እያወቅሁ ጻፍኩ። ወይዘሮ መጂዳ አንድም ጥፋት የለባቸውም። ይቅርታ ሰጪ ሆኜ የጻፍኩትም ይሰረዝልኝ፤ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ።»

መጂዳ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። «‹እያወቅሁ› የሚለውን ብቻ።» እሱንም ብቻውን አነበብኩት። ሰው የገዛ ጽሑፉ እንዲህ እንደሚከብደው አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ያኛውን ወረቀትስ?» አለችኝ። አሮጌውን ቃለ ጉባኤ ሰጠኋት። ምድጃው ውስጥ ጨመረችውና ክብሪት ጫረች፤ በላዩ ከሰል አደረገች፤ ማንቆርቆሪያዋን ጣደች። «ውሃ የሚቀዳ የለም እንዴ? ቡድን ተብዬው ሁሉ ቁሞ ያየኛል» አለች።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ቤቱ ርክክብ ሥነ ሥርዓት መናገር ሲጀምር፣ ኳሷን ወረወረችለት። ያዛት። ምስክሮች አሉ፤ ገብረማርያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ ያዘ። ጀይሉ «ዘገየህ፣ አሥር ዓመት ዘገየህ» ሲለው ሊቀመንበራችን ሲስቅ አየነው፤ እንዲያ ሲስቅ ካየነው ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። የቤቷን መመለሻ ወረቀት እዚያው ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመላት።

ብርጭቆ ከአንተ ስድስት ጠይቄ ነበር፤ እሷ ሰባት ይዛ መጥታለች። ለስድስቱ ቀዳችላቸው። ሰባተኛውን አጥባ ምስማር ላይ ሰቀለችው። «የማን ነው?» ስላት «ግራ እጁን የሚያወጣው ልጅ» አለችኝ። ለእኔ የደረሰኝ ጣሳ ነው። አላጉረመረምኩም።

አሁን ምንም አልጠይቅህም። ና ብቻ።

አጎትህ ጀምበሩ
ጸሐፊ (በፈንቴ ፈቃድ)

ማረሚያ

ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፸፫ ዓ.ም. በቁጥር ጓ/አ/፩/፸፫ በተጻፈው ደብዳቤ፣ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ከዚህ ዓለም በሞት እንደተለየች መገለጹ ይታወሳል። በትናንትናው ዕለት ሁለት የግራር እግሮች ስለተተከሉላትና ስድስት ሰው ተቀምጦባት ስለጸናች፣ «ሞታለች» የሚለው «ታማ ነበር» ተብሎ እንዲነበብ፣ በግራ ጫፏ ያለው ምስማርም የተነቀለ መሆኑ እንዲታወቅ፣ እዚያው ጫፍ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ሆኖ እየተጠበቀ መሆኑ ለሚመለከተው ሁሉ ይገለጽ ዘንድ ታርሟል።

(የማኅተም ቦታ)